«ገጠር ድሮም ሪፐብሊካን ነው» ለምትሉ

ሰዎችን ለአሜሪካ ዜግነት ፈተና አዘጋጃለሁ። የምርጫ ነገር በተነሳ ቁጥር ያቺ ቀይና ሰማያዊ ካርታ ከየስልኩ ትወጣለች፤ ሪፐብሊካን ያሸነፈበት ካውንቲ (የስቴት ንዑስ አስተዳደር) ቀይ፣ ዴሞክራት ያሸነፈበት ሰማያዊ። ከእሷ ጋር ያው የተለመደው ወሬ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

«አገሩ ሁሉ ቀይ ሆኖ እንዴት ተሸነፉ?» መሬት አይመርጥማ! ቴክሳስ ያለው ላቪንግ ካውንቲ በ2020 ቆጠራ 64 ሰው ብቻ ተገኘበት። ሎስ አንጀለስ ካውንቲ 10 ሚሊዮን።

«ብዙ ካውንቲ ያሸነፈ ያሸንፋል።» የለም። የፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ የሚደመረው በስቴት ነው። ሜይንና ነብራስካ ብቻ የኮንግረስ ወረዳንም ይቆጥራሉ።

«ገጠር ድሮም ሪፐብሊካን ነው።» እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ተማሪዬ «የኬንተኪን ሰዎች አውቃቸዋለሁ፣ ከጥንትም እንዲሁ ናቸው» ብሎ ድርቅ አለብኝ። የሚያውቃቸው ከሀይዌይ ላይ ሆኖ ነው!

ኤሊየት ካውንቲን እንይ። ምሥራቅ ኬንተኪ፣ ኮረብታማ፣ 7 ሺህ ገደማ ሰው፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ። በ1869 ከተመሠረተ ጀምሮ እስከ 2012 ድረስ አንድም ጊዜ ሪፐብሊካን ፕሬዚዳንት መርጦ አያውቅም። ኦባማ በ2008 እዚያ 61 በመቶ አግኝቷል። በ2012 ከ50 በመቶ በታች ወርዶም አሸነፈ። በ2016 ትራምፕ 70 በመቶ ወሰደ።

በአንድ ሌሊት ሃሳባቸውን ቀየሩ? አይደለም። ዴሞክራትነት ከአባት የሚወረስ ነበር። በዚያ ላይ በኬንተኪ የአንድ ፓርቲ ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ምርጫ) ላይ የሚገባው በዚያው ፓርቲ የተመዘገበ ብቻ ነው። ሸሪፉ (የካውንቲው የፖሊስ አዛዥ) የሚለየው በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ከሆነ፣ ማን ሞኝ ሪፐብሊካን ብሎ ይመዘገባል? ስለዚህ በወረቀት ዴሞክራት የሆነ ሁሉ በልቡም ዴሞክራት ነው ማለት አይቻልም። ምዝገባ አይታችሁ ውጤት አትተንብዩ።

«ገጠርማ ነጭ ስለሆነ ነው» የሚል ደግሞ አይጠፋም። እሺ፣ ስታር ካውንቲስ? ቴክሳስ፣ ሜክሲኮ ድንበር ላይ፣ ከመቶ 97ቱ ሂስፓኒክ። ሂላሪ በ2016 እዚያ 79 በመቶ አገኘች። በ2020 ባይደን 52 በመቶ ብቻ። በ2024 ትራምፕ አሸነፈ፤ ከ1892 ወዲህ የመጀመሪያው ሪፐብሊካን ሆነ። የ2016ንና የ2020ን ካርታ ጎን ለጎን ብታስቀምጡ ስታር ሁለቱም ላይ ያው ሰማያዊ ነው። መንሸራተቱ በቀለም አይታይም። ስለዚህ ቀለሙን ትታችሁ መቶኛውን እዩ፤ እሱንም ቢያንስ ሦስት ምርጫ ወደ ኋላ ሄዳችሁ።

ሹፌሩን በሚቀጥለው ጊዜ ሳንዲ ሁክ ገብቶ ቡና ጠጥቶ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። የኤሊየት ዋና ከተማ እሷ ናት።