«ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም»

ይህ ተረት የሚሰነዘረው ዛቻው ከአቅሙ በላይ በሆነ ሰው ላይ ነው። መሄጃ የሌለው ሠራተኛ «ዛሬውኑ ለቅቄ እሄዳለሁ!» እያለ ሲፎክር፣ ባልደረቦቹ ይሣሣቁና «ተዉት ባካችሁ፣ ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍም» ይሉበታል። የትም አይደርስ፣ ዞሮ ዞሮ እዚሁ ነው ለማለት።

ቁልፉ «ሸፈተ» የሚለው ግስ ነው። ሽፍታ ሲባል ዘራፊ ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን ተበደልኩ፣ ፍርድ ተጓደለብኝ ብሎ «አልገዛም» ያለና ጫካ የገባም ሽፍታ ነው። በሌሊት ገደል ይወጣል፣ አሳዳጁን ከሩቅ አይቶ ይሰወራል። ተረቱ ይህን ኑሮ ለዓይነ ስውር ሰጠውና ጓሮ ላይ አስቆመው፤ እጅ ዳብሶ፣ እግር ለምዶ የሚያውቀው ግቢ እዚያ ያበቃላ።

እኔ ከተረቱ ጋር የምጣላው እዚህ ላይ ነው። «ዕውር» የሚለው ቃል እንኳ «ዓይነ ስውር» በሚለው እየተተካ ነው፤ ሐሳቡ ግን አለ። ሰውየውን ጓሮ ላይ ያስቀረው ምንድን ነው? ተረቱ «ዓይኑ» ይላል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ2006 እ.ኤ.አ. ያጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ግን ሌላ ይላል። በመግቢያው ላይ አካል ጉዳተኝነት የሚመጣው ጉዳት ያለበት ሰው ከአመለካከትና ከአካባቢ መሰናክሎች ጋር ሲገናኝ ነው ብሏል። እንግዲህ የሚጠየቀው መንገዱም ነው። ለዓይነ ስውር አመልካች የፈተናውን ወረቀት በብሬል ማቅረብ ከአቅም በላይ ሸክም የማይሆንበት መሥሪያ ቤት እንቢ ካለ፣ በአንቀጽ 2 መሠረት እንቢታው ራሱ አድልዎ ነው። ችሮታ ነፈገ አይባልም፤ መብት ጣሰ እንጂ።

ደግሞስ የሸፈቱ የሉም እንዴ? አሜሪካ ውስጥ በፌዴራል ገንዘብ የሚደገፉ ተግባራት አካል ጉዳተኞችን እንዳያገልሉ የሚከለክለው የተሐድሶ ሕጉ (Rehabilitation Act) አንቀጽ 504 በ1973 እ.ኤ.አ. ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ግን ፊርማ አጥቶ አራት ዓመት ያህል ተጓተተ። ኤፕሪል 1977 ላይ ዓይነ ስውራን፣ መስማት የተሳናቸውና ዊልቸር ተጠቃሚዎች ያሉበት፣ ከመቶ በላይ የሆነ ቡድን ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የፌዴራል ሕንፃ ገብቶ «አንወጣም» አለ። ብዙዎቹ ረዳትና መድኃኒት የሚያሻቸው ነበሩ፤ ወለል ላይ እየተኙ ከሦስት ሳምንት በላይ ቆዩ። ስልኩ ሲቆረጥባቸው መስማት የተሳናቸው መስኮቱ ጋ ቆመው፣ ውጭ ላሉት ባልንጀሮቻቸው በምልክት ቋንቋ መልእክት ያስተላልፉ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚያዩና የሚሰሙ ሁሉ የእነሱን እጅ ይጠብቁ ነበር ማለት ነው።

ደንቡ ኤፕሪል 28 ተፈረመ። እነሱ ከሕንፃው የወጡት ኤፕሪል 30 ነው።