የዋጋ ክላስ ምንድን ነው? የቤተሰብ ትኬት በአንድ ላይ ሲቆረጥ ዋጋው የሚወደደው ለምንድን ነው?

የዋጋ ክላስ ማለት አየር መንገዶች በስፋትም ሆነ በምቾት የማይለያዩ ወንበሮችን በተለያየ ዋጋ ለመሸጥ የሚጠቀሙበት ምድብ ነው። ከኢኮኖሚና ከቢዝነስ ክፍፍል ጋር መምታታት የለበትም። ኢኮኖሚው ራሱ በውስጡ ብዙ የዋጋ ክላሶች አሉት፤ እያንዳንዳቸውም በላቲን ፊደል ይጠራሉ። ዋይ የሚባለው በአብዛኛው ሙሉ ዋጋ የሚከፈልበት ሲሆን፣ እንደ ኤም፣ ኤል እና ኪው ያሉት ደግሞ እንደየአየር መንገዱ አመዳደብ ደረጃ በደረጃ ዝቅ የሚሉ ናቸው። ጎን ለጎን ተቀምጠው አንድ ዓይነት ምግብ የሚቀርብላቸው ሁለት መንገደኞች የከፈሉት ገንዘብ በመቶዎች ዶላር ሊራራቅ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አሠራሩ የተስፋፋው አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1978 የአየር ትኬት ዋጋን ከመንግሥት ቁጥጥር ያላቀቀውን ሕግ ካወጣች በኋላ ነው። በ1985 አሜሪካን ኤርላይንስ ፒፕል ኤክስፕረስን ከመሳሰሉ ርካሽ ተፎካካሪዎች ጋር ለመወዳደር ሲል የተወሰኑ ወንበሮችን አስቀድመው ለሚገዙ ሰዎች በዝቅተኛ ዋጋ አቀረበ፤ የቀሩትን ግን በመጨረሻው ሰዓት ለሚመጣው የሥራ ተጓዥ በውድ ዋጋ አቆያቸው። አውሮፕላኑ ከተነሳ በኋላ ባዶ የቀረ ወንበር አንድም ሳንቲም ስለማያስገባ፣ ዛሬ አብዛኞቹ አየር መንገዶች በእያንዳንዱ ክላስ ስንት ወንበር እንደሚሸጡ በኮምፒውተር እያሰሉ ቁጥሩን በየጊዜው ይቀያይራሉ።

ለብቻው የሚጓዝ ሰው ይህን ሁሉ ባያውቅም ብዙም አይጎዳም፤ ጉዳዩ የሚከብደው ልጆቹን ይዞ ለሚሄድ ወላጅ ነው። የመሸጫ ሥርዓቱ ለብዙ መንገደኞች በአንድ ጊዜ ዋጋ ሲጠየቅ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚያቀርበው ሁሉንም በአንድነት ሊይዝ የሚችለውን ዝቅተኛ ክላስ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ የሚኖር አምስት አባላት ያሉት ቤተሰብ ከደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ ሊሄድ ትኬት ፈለገ እንበል፤ የልጆቹን ቅናሽም ለጊዜው እንተወው። በ1,200 ዶላር የሚሸጠው ክላስ ሦስት ወንበር ብቻ ቀርቶት ቀጣዩ ክላስ 1,500 ዶላር ከሆነ፣ ሥርዓቱ ሦስቱን በርካሹ፣ ሁለቱን በውዱ አድርጎ አያከፋፍልም፤ አምስቱንም በ1,500 ሒሳብ 7,500 ዶላር ይጠይቃል። ያው ቤተሰብ ሦስቱን ለብቻ፣ ሁለቱን ለብቻ ቢቆርጥ ግን የሚከፍለው 6,600 ዶላር ነው። ለዓመታት ቆጥቦ ልጆቹን ከአያቶቻቸው ጋር ለሚያገናኝ ሰው 900 ዶላር ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ስለዚህም አስቀድሞ ለአንድ ሰው ብቻ ዋጋውን አይቶ፣ ቀጥሎ ለሁለት፣ ለሦስት እያሉ ዋጋው የሚዘልበትን ቁጥር መፈለግ ከየትኛውም የትኬት ፍለጋ ዘዴ በፊት ሊደረግ የሚገባው ነው ብዬ አምናለሁ።

በተከፋፈለ ትኬት መጓዝ የራሱ አደጋ ስላለው በጥንቃቄ መደረግ አለበት። እያንዳንዱ ግዢ የራሱ የቦታ መያዣ ቁጥር ስለሚኖረው፣ በረራው ቢሰረዝ ወይም ቢዘገይ አየር መንገዱ የቤተሰቡን አባላት በተለያየ ቀን ሊመድባቸው ይችላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ ቁጥር ውስጥ ቢያንስ አንድ አዋቂ መኖር አለበት፤ ከ12 ዓመት በታች ያለ ልጅ ያለ አዋቂ በተቆረጠ ትኬት ላይ ከተገኘ ብቻውን እንደሚጓዝ ልጅ ሊቆጠርና በሩ ላይ ችግር ሊፈጠር ይችላል። ትኬቱ እንደተቆረጠም ወደ አየር መንገዱ ደውሎ አንድ ቤተሰብ መሆናቸው በሁለቱም ቁጥሮች ላይ እንዲመዘገብ መጠየቅና ወንበራቸውን አቀራርቦ መምረጥ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ጥቂት አሥር ዶላር ብቻ ከሆነ ግን ሁሉም በአንድ ቁጥር ቢጓዙ ይሻላል፤ የሕፃናት እናት በመሸጋገሪያ ከተማ ከባለቤቷ ተለይታ ብታድር የሚደርስባት ድካም ከዚያ ገንዘብ ይበልጣልና።

የልጆች ቅናሽ የሚሰላውም በተቆረጠው ክላስ መነሻ ዋጋ ላይ ነው። በብዙ ዓለም አቀፍ በረራዎች ከ2 እስከ 11 ዓመት ያሉ ልጆች ከአዋቂው ዋጋ 75 በመቶ ያህሉን፣ በወላጅ ጭን ላይ የሚቀመጡ ከ2 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ደግሞ 10 በመቶ ያህሉን ይከፍላሉ፤ ታክስና ተጨማሪ ክፍያ ግን ሁልጊዜ በዚያው ልክ አይቀንስም። ጉዞው ላይ እያለ 2 ዓመት የሚሞላው ሕፃን ለመመለሻው የራሱ ወንበር ያስፈልገዋል፤ ይህን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ርካሾቹ ክላሶች ቶሎ የሚያልቁት ትምህርት በሚዘጋበት በሰኔና በሐምሌ፣ እንዲሁም በፈረንጆቹ ገናና በእኛ ገና መካከል ነው። ከዴንቨር ወይም ከሚኒያፖሊስ ተነስቶ በደለስ በኩል ለሚያልፍ ቤተሰብ ደግሞ በአንደኛው በረራ ላይ ብቻ ርካሹ ክላስ መገኘቱ አብዛኛውን ጊዜ አይበቃም። ርካሽ ክላስ በመመለሻ ቀን ገደብና በቀን መቀየሪያ ቅጣት ስለሚታሰር፣ ቀኑ ያልቆረጠለት ሰው ከመክፈሉ በፊት ደንቡን ማንበብ አለበት።

ከአሜሪካ ለሚነሳ ወይም ወደ አሜሪካ ለሚገባ ጉዞ አንድ ጠቃሚ መብት አለ። በረራው ሊደርስ 7 ቀን ወይም ከዚያ በላይ ሲቀረው ከአየር መንገዱ በቀጥታ ቦታ የያዘ ሰው፣ አየር መንገዱ ወይ ሳያስከፍል ዋጋውን ለ24 ሰዓት ሊይዝለት፣ ወይም የቆረጠውን በ24 ሰዓት ውስጥ ያለ ቅጣት እንዲሰርዝ ሊፈቅድለት ይገደዳል። ሁለተኛውን መንገድ በሚከተል አየር መንገድ ቤተሰቡ የተገኙትን ርካሽ ወንበሮች ወዲያው ቆርጦ የቀሩትን በእርጋታ ሊፈልግ ይችላል። ግዴታው የተጣለው በአየር መንገዶች ላይ ስለሆነ፣ በትኬት ቢሮ ወይም በሌላ ሻጭ ድረ ገጽ በኩል የሚቆርጥ ሰው የሻጩን የመሰረዣ ደንብ ከመክፈሉ በፊት መጠየቅ አለበት።