በርሜል ያነገተችው የእርሳስ ሴት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከእርሳስ ብረት ከተሠሩ ጥንታዊ የአሻንጉሊት ወታደሮች ሰልፍ መካከል አንዳንዴ አንዲት ሴት ብቅ ትላለች። አጭር ቀሚስ፣ ከሥሩ ቀይ ሱሪ፣ ጎኗ ላይ በማንገቻ የተንጠለጠለ ትንሽ በርሜል። የፈረንሳይ ጦር «ካንቲኒየር» ናት። ስለ እርሷ ከሚወራው አብዛኛው ስህተት ነው።

«ነርስ ናት።» አይደለችም። በርሜሉ የያዘው ብራንዲ እንጂ መድኃኒት አይደለም። ለወታደሩ ምግብና መጠጥ የምትሸጥ ነጋዴ ነበረች። እርግጥ ነው፣ ውጊያ ሲበረታ ቁስለኛ ታጠጣለች፣ ቁስልም ታስራለች። የነርስ አሻንጉሊት ግን ብዙውን ጊዜ ቀይ መስቀል አላት።

«ጦር የምትከተል ሴተኛ አዳሪ ናት።» እኔን የሚያናድደኝ ይህኛው ነው። ካንቲኒየር የምትሠራው በፈቃድ ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜም የወታደር ሚስት ናት። በ1793 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ሌሎቹም ዓመታት እንዲሁ) የወጣው የፈረንሳይ አብዮት ሕግ «የማይጠቅሙ» ያላቸውን ሴቶች ከጦሩ ሲያሰናብት፣ ልብስ አጣቢዎችንና ስንቅ ሻጮችን ግን አስቀርቷል።

«ዩኒፎርሟ የአሻንጉሊት ሠሪው ፈጠራ ነው።» በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የሬጅመንቷን ቀለም የያዘ ልብስ በእርግጥ ትለብስ ነበር። ስህተቱ የሚመጣው በዚሁ ልብስ ከቀዳማዊ ናፖሊዮን ወታደሮች ጎን ስትሰለፍ ነው። የዚያ ዘመን ሴቶች የዘወትር ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቢበዛ የወታደር ካፖርት ይደርቡበት ነበር።

«ጦር ሜዳ አልደረሰችም።» ማሪ ቴፔ የተባለች ካንቲኒየር በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ከ114ኛው የፔንሲልቫኒያ ሬጅመንት ጋር ዘምታ ፍሬደሪክስበርግ ላይ ቆስላለች፤ በ1863 «የኪርኒ መስቀል» የተባለውን ሜዳይ ተሸልማለች። በርሜሏን ይዛ የተነሳችው ፎቶግራፍ ዛሬም አለ።

«አሻንጉሊቷ ክብደቷ ቀላል ከሆነ ሐሰተኛ ቅጂ ናት።» የፓሪሱ አሻንጉሊት ሠሪ ሚኞ አሻንጉሊቶች ድፍን ስለሆኑ ይከብዳሉ። የለንደኑ አሻንጉሊት ሠሪ ብሪተንስ ግን በ1893 ሌላ ዘዴ አመጣ፦ የቀለጠው ብረት ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይፈስሳል፣ ዳር ዳሩ እንደረጋ መሃሉ ተመልሶ ይገለበጣል። የብሪተንስ ነርሶች ሆዳቸው ባዶ የሆነው ለዚህ ነው።

«አሻንጉሊቷ ላይ የሚወጣው ነጭ ዱቄት ሻጋታ ነው፤ ጠርጎ አዲስ ቀለም መቀባት ይበቃል።» ዱቄቱ እየተበላ ያለው እርሳሱ ራሱ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው እንደ ኦክ ካለ እንጨት የሚወጣ የአሲድ ትነት ነው። አዲስ ቀለም ደግሞ ዋጋዋን ይጥላል። ዱቄቱ መርዝ ስለሆነ በባዶ እጅ አትንኩት፣ በአፋችሁም እፍ አትበሉበት። ከእንጨት ቁም ሳጥኑ አውጥታችሁ የብረትና የመስታወት መደርደሪያ ላይ አቁሟት።