ልውጥ አለት ቀልጦ ነው እንዴ?

የአለት «ዑደት»፣ ማለትም አለት ከአንዱ ዓይነት ወደ ሌላው መለወጡ፣ ሲነሣ ብዙ ሰው አለት ተራውን ጠብቆ የሚዞር ይመስለዋል። ተራ የሚባል ነገር የለም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስትወርዱ መጀመሪያ ጥቁሩ ባዛልት አለ፤ ቀልጦ ወጥቶ የቀዘቀዘ ነው። ዝቅ ሲል የኖራ ድንጋዩ ይመጣል። ጠጋ ብላችሁ ብታዩት የባሕር ዛጎል ቅሪት አይጠፋበትም፤ አገሩ በዳይኖሰሮች ዘመን ባሕር ነበራ!

ይህ ድንጋይ በጥልቀት ተቀብሮ ሙቀትና ጫና ቢበረታበት እብነ በረድ ይሆናል፤ እንዲህ በሙቀትና በጫና የተቀየረው ነው «ልውጥ አለት» የሚባለው። ግራ የሚያጋባው እዚህ ላይ ነው። እብነ በረድ አልቀለጠም። ጠጣር እንደሆነ ቅንጣቶቹ እንደ አዲስ ተሠርተው ነው፤ ዛጎሉም አብዛኛውን ጊዜ ያኔ ይጠፋል። አለት ከቀለጠ በኋላ ግን «ልውጥ» አይባልም።

ባዛልቱም ቢሆን ልውጥ እስኪሆን አይጠብቅም። ዝናብ ይፈረፍረዋል፣ ዓባይ ጠርጎ ይወስደዋል፣ ደለል ይሆናል። በክረምት የወንዙን ቀለም እዩት።