ለስላሳ መጠጥና የጥርስ ጤና፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በሠርግ፣ በምርቃትም ሆነ በእንግዳ አቀባበል ላይ ለልጆችና አልኮል ለማይጠጡ ሰዎች የሚቀርበው ለስላሳ መጠጥ ነው። ይህ መጠጥ በጥርስ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት የሚነገረው ግን ብዙ ጊዜ ከፊሉ ብቻ እውነት ስለሆነ፣ ሰዎች መጠንቀቅ የሚገባቸውን ትተው በማይጠቅም ነገር ላይ ይጠነቀቃሉ።

«ጥርስን የሚጎዳው ስኳሩ ነው፤ ስኳር አልባው ችግር የለውም።»

ጉዳቶቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው የጥርስ መቦርቦር ሲሆን፣ በጥርስ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ተመግበው በሚያመነጩት አሲድ ይመጣል፤ 300 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጠርሙስ ኮላ ደግሞ ከ30 ግራም በላይ ስኳር አለው። ሁለተኛው ባክቴሪያ የማያስፈልገው የጥርስ መሸርሸር ነው፤ ምክንያቱም መጠጡ ራሱ አሲድ ነው። በኮላ ውስጥ ፎስፈሪክ አሲድ፣ የብርቱካንና የሎሚ ጣዕም ባላቸው ውስጥ ደግሞ በአብዛኛው ሲትሪክ አሲድ ይገኛል። ኢናሜል የሚባለው የጥርስ ጠንካራ ሽፋን በአፍ ውስጥ ያለው የፒኤች መጠን (የአሲድነት መለኪያ ሲሆን ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል) ከ5.5 አካባቢ በታች ሲወርድ መሟሟት ይጀምራል፤ የኮላ ፒኤች 2.5 ገደማ ነው። በፒኤች መለኪያ እያንዳንዱ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ በሁለቱ መካከል ያለው የአሲድነት ልዩነት ወደ አንድ ሺህ እጥፍ ይደርሳል። ስኳር አልባ መጠጦችም ፒኤቻቸው ከዚህ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ መጠጡን ፈጽሞ መተው ላልቻለ ሰው ስኳር አልባው የመቦርቦርን አደጋ ስለሚቀንስ የተሻለ ምርጫ ነው፤ ከመሸርሸር ግን አያድነውም።

«ዋናው የምጠጣው መጠን ነው።»

መጠኑ ያለ ጥርጥር ለውጥ ያመጣል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚገኘው ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን መክሯል፤ ይህም ለአንድ አዋቂ ሰው 50 ግራም ገደማ ነው። ለጥርስ ግን ከመጠኑ ባልተናነሰ የሚወስነው መጠጡ አፍ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ ብዛትና ርዝመት ነው። ምራቅ አሲዱን ያለዝባል፤ በውስጡ ያሉት ካልሲየምና ፎስፌትም የላላውን ሽፋን ቀስ በቀስ መልሰው ያጠነክሩታል። ይህ ሥራ ግን ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ያህል ሊወስድ ይችላል። አንድ ጠርሙስ ከምሳ ጋር ጠጥቶ የጨረሰ ሰው ጥርሱን ለአንድ ጊዜ ሲያጋልጥ፣ ያንኑ መጠን በሥራ ጠረጴዛው ላይ ወይም በመኪናው ውስጥ አስቀምጦ ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ጥቂት ጥቂት የሚጎነጭ ሰው ምራቁ ሥራውን ሳይጨርስ አሲዱን ደጋግሞ ይመልሰዋል። ከሁሉ የከፋው ጫት እየቃሙ ለረጅም ሰዓት ለስላሳ መጠጣት ነው፤ ጫቱ አፍን ስለሚያደርቅ ጥርሱ በጣም በሚያስፈልገው ሰዓት የምራቅን ጥበቃ ያጣል። በእንቅልፍ ጊዜም ምራቅ ስለሚቀንስ፣ ከመኝታ በፊት ለስላሳ መጠጣት ከሌላው ሰዓት ይልቅ ይጎዳል።

«ጠጥቼ ወዲያው ጥርሴን ብቦርሽ ይበቃል።»

አሲድ ያላላውን ሽፋን ወዲያው መፈተግ መሸርሸሩን ሊያባብሰው ይችላል፤ በመፋቂያ ማሸትም እንደዚሁ ነው። አፍን በንጹህ ውሃ መጉመጥመጥ፣ ከዚያም ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቆይቶ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽ ይገባል።

«ጥፋቱ የጋዙ ነው፤ አምቦ ውሃም ያው ነው።»

አይደለም። ጋዙ የሚፈጥረው አሲድ ደካማ ነው፤ አምቦ ውሃ ስኳር የለውም፣ በውስጡ ያለው ባይካርቦኔትም አሲድን ያለዝባል። ሎሚ ሲጨመቅበት ወይም ከለስላሳ ጋር ሲቀላቀል ግን ነገሩ ይለወጣል።

«የወተት ጥርስ ስለሚወልቅ ቢበላሽም ግድ የለም።»

ይህ አመለካከት ልጆችን እጅግ ስለሚጎዳ በተለይ ሊታረም ይገባዋል። የወተት ጥርስ ኢናሜል ከቋሚው ይልቅ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቦረቦራል፤ ሕመሙ ልጁን ምግብና እንቅልፍ ይከለክለዋል፤ ሥሩ ላይ የሚፈጠር መግልም በሥሩ የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል። ጊዜው ሳይደርስ ከተነቀለ ደግሞ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ስለሚያዘነብሉ ቋሚው ተጣሞ ሊበቅል ይችላል። ከዚህ ሌላ፣ የመጀመሪያዎቹ ቋሚ መንጋጋዎች በ6 ዓመት ገደማ ከወተት ጥርሶቹ በስተኋላ ይበቅላሉ፤ ምንም ጥርስ ሳይወልቅ ስለሚወጡ ብዙ ወላጆች የወተት ጥርስ ይመስሏቸዋል፤ እድሜ ልክ የሚያገለግለው ጥርስም በዚህ መዘናጋት ይቦረቦራል። ለስላሳ በጡጦ መስጠትማ ስኳሩንና አሲዱን በፊት ጥርሶች ላይ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ስለሆነ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም።

«እስካላመመኝ ድረስ ጥርሴ ደህና ነው።»

ኢናሜል ነርቭ የለውም፤ ስለዚህ ሲሟሟ አይሰማም። ሕመም የሚመጣው ጉዳቱ ከኢናሜሉ ሥር ወዳለው፣ ዴንቲን ወደሚባለው የጥርስ ክፍል ሲዘልቅ ነው። ሕመሙ ከመክፋቱ በፊት የሚታዩ ምልክቶች አሉ፦ የፊት ጥርስ ጫፍ ስስ ሆኖ ብርሃን ማሳለፍ፣ ጥርሱ ወደ ቢጫነት መለወጥ፣ ቀዝቃዛ ነገር ሲነካው መጠዝጠዝ። በጥርሱ ላይ ገና ነጭ ነጠብጣብ ብቻ የሚታይ ከሆነ በፍሎራይድና መጠጡን በመቀነስ መልሶ ሊጠነክር ይችላል፤ ከተቦረቦረ ወይም ከተሸረሸረ በኋላ ግን ኢናሜል ዳግመኛ ስለማይበቅል የጥርስ ሐኪም ሊሞላው ወይም ሊሸፍነው ይገባል።