ትሬድሚል ላይ የሚደረግ የልብ ምርመራ፦ ለጤነኛ ሰው ምን ይነግረዋል?

ሐኪሞች «ስትረስ ቴስት» ይሉታል። ደረት ላይ የኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት በመስመር የሚያሳይ መሣሪያ) ሽቦ ይለጠፋል፣ ክንድ ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይታሰራል፣ ከዚያ ትሬድሚል ላይ መራመድ ነው። በብዛት የሚሠራበትን አካሄድ ያወጣው ሮበርት ብሩስ የተባለ የሲያትል የልብ ሐኪም ነው። ጉዞው በሰዓት 2.7 ኪሎ ሜትር፣ በ10 በመቶ ዳገት ይጀምራል። በየ3 ደቂቃው ፍጥነቱም ዳገቱም ይጨምራል።

ያረፈ ልብ ብዙ ደም አይፈልግም። ስለዚህ ለልብ ደም የሚያደርሰው ቧንቧ ቢጠብም ላይታወቅ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ልብ ብዙ ደም ይጠይቃል። የጠበበው ቧንቧ ማድረስ ሲያቅተው ኢሲጂው ላይ «ኤስቲ» የሚባለው መስመር ዝቅ ይላል። 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ሐኪሙ ይጠራጠራል።

ዳገት ሲወጣ ደረቱን ጭንቅ ለሚያደርገው ሰው ይህ ጠቃሚ ምርመራ ነው። ምንም ሳይሰማው «ለማንኛውም ልታይ» ብሎ ለሚመጣ ሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው። የቆዩ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ ምርመራው ከ100 ሕመምተኞች 68 ያህሉን ያገኛል፤ ከ100 ጤነኞች ደግሞ 23 ያህሉን በስህተት ይጠረጥራል። እስቲ እናስላው። ደህና ነን ከሚሉ 1,000 ሰዎች 20ዎቹ ሳያውቁት ታመዋል እንበል። ምርመራው 14ቱን ይይዛል። ከነሱ ጋር ግን 225 ጤነኞችን ያስደነግጣል። በተለይ ሴቶች ላይ የሐሰት ማስጠንቀቂያ ይበዛል። የደነገጠ ሰው ደግሞ እዚያ አያበቃም፤ ቱቦ በደም ሥር አስገብቶ እስከ ማየት ሊደርስ ይችላል።

«ነፃ ነህ» መባልም ዋስትና አይሆንም። ድንገተኛ የልብ ጡንቻ መሞት (ሃርት አታክ) ብዙ ጊዜ የሚመጣው፣ ቧንቧውን ብዙም ያላጠበበ የስብ ክምችት ተሰንጥቆ ደም ሲረጋበት ነው። ያ ክምችት ትሬድሚል ላይ አይታይም። የአሜሪካ የመከላከያ ሕክምና ግብረ ኃይልም በ2018 ምልክት የሌላቸውና ተጋላጭነታቸው ዝቅተኛ የሆኑ ሰዎች ይህን ምርመራ እንዳያደርጉ መክሯል።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ከኢሲጂው መስመር ይልቅ ስለ ወደፊቱ ብዙ የሚናገረው የሰውየው አቅም ነው፤ ማለትም ስንት ደቂቃ ቆየ፣ እስከ የትኛው ዳገት ወጣ የሚለው። ካቆመ በኋላ የልብ ምቱ ቶሎ መውረዱም እንዲሁ። በመጀመሪያው ደቂቃ ከ12 ምት በላይ ካልቀነሰ እንደ መጥፎ ምልክት ይቆጠራል። ምርመራውን ያደረጋችሁ ካላችሁ፣ ውጤቱን ስትቀበሉ ስለ ሁለቱም ሐኪማችሁን ጠይቁ።