የመለኮት ማስተርስ ያለ መለኮት፦ የቡድሂዝም ድህረ ምረቃ ትምህርት

አሜሪካ ሆስፒታል የተኛ ዘመድ የጠየቀ ሰው ቻፕሊን የሚባሉትን ሳያይ አይቀርም። (ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ዝምድና የላቸውም።) ሐኪም አይደሉም፣ ነርስም አይደሉም። ባጅ አንጠልጥለው በር ያንኳኳሉ፣ ወንበር ስበው ይቀመጣሉ፣ ታማሚው እንዴት እንዳደረ ይጠይቃሉ። ጸሎት ከፈለገ ይጸለይለታል። የራሱን የሃይማኖት አባት ከፈለገ ይጠሩለታል። ምንም ካልፈለገ ዝም ብለው አብረውት ይቆያሉ። ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ሰው ቄስ ወይም ፓስተር ነው ብለን እናልፋለን። አሁን አሁን ግን የቡድሃ እምነት ተከታይ፣ አንዳንዴም ፀጉሯን የተላጨች መነኩሲት ልትሆን ትችላለች። እዚያ ወንበር ላይ ለመቀመጥ ደግሞ ብዙ ጊዜ ማስተርስ ይጠየቃል።

ዲግሪው ማስተር ኦፍ ዲቪኒቲ ይባላል፤ በአጭሩ ኤምዲቭ። በእኛ ቋንቋ «የመለኮት ማስተርስ» እንደማለት ነው። እዚህ ላይ ፈገግ ማለት ይቻላል። ቡድሂዝም ዓለምን የፈጠረ አምላክ አለ ብሎ አያስተምርም። ታዲያ ስሙ ከየት መጣ? ከፕሮቴስታንት ሴሚናሪ። አሜሪካ ውስጥ ፓስተሮች የሚሠለጥኑበት የታወቀው ዲግሪ ይኸው ነው። ሆስፒታሉም፣ ጦር ሠራዊቱም ቻፕሊን ሲቀጥሩ የለመዱት ወረቀት እሱን ነው። በሙያው ማኅበር ዘንድ ለረጅም ጊዜ የቆየው መስፈርት 72 ክሬዲት የድህረ ምረቃ ትምህርትና አራት ዙር የተግባር ልምምድ ነው። ቡድሂስቶቹ ሌላ ስም ቢያወጡ ኖሮ በየሰው ኃይል ቢሮው ማስረዳት ሊሆን ነው። ስሙን እንዳለ ወሰዱት፤ ውስጡን በራሳቸው ሞሉት።

ውስጡ ሦስት ነገር ነው፦ ፍልስፍና፣ ተመስጦና አገልግሎት።

የፍልስፍናው ሥር ሩቅ ነው። ዛሬ ቢሃር በሚባለው የሕንድ ግዛት ናላንዳ የሚባል ትልቅ የትምህርት ገዳም ነበር። በ7ኛው መቶ ዘመን ከቻይና ተነስቶ ሕንድ የገባው መነኩሴ ሹዋንዛንግ እዚያ ተምሯል። እሱ እንደጻፈው የመግቢያ ፈተናውን የሚፈትነው በር ጠባቂው ነበር። ከአሥር መጤ ሰባት ስምንቱ ከደጅ ይመለሳል። ዘበኛው ራሱ ፈላስፋ የሆነበት ግቢ ማለት ነው። ናላንዳ በ12ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ግድም ወደመ። ትምህርቱ ግን ቀደም ብሎ ሂማላያን ተሻግሮ ቲቤት ገብቶ ነበር።

ከቲቤት ቡድሂዝም ዋና ቅርንጫፎች አንዱ በሆነው በጌሉግ ገዳማት የዚህ ትምህርት ጫፍ ጌሼ የሚባል ማዕረግ ነው። አምስት ትልልቅ ዘርፎች አሉት፤ ሥነ አመክንዮም የመነኮሳት ሥርዓትም ይገኙበታል። 20 ዓመት ገደማ ይፈጃል። መጽሐፉ በቃል ይያዛል፣ ከዚያ ወደ ክርክር ሜዳ ይወጣል። ክርክሩን አንዴ ያየ አይረሳውም። መላሹ መሬት ላይ ተቀምጧል፣ ጠያቂው ቆሟል። ጠያቂው ጥያቄውን ሲጨርስ ቀኝ እጁን ወደ ላይ አንስቶ ግራ መዳፉ ላይ ጧ ያደርገዋል፤ በግራ እግሩም መሬቱን ይመታል። መላሹ ንግግር አያበዛም። «እቀበላለሁ»፣ «ምክንያቱ አልተረጋገጠም»፣ «ከዚህ ያ አይከተልም» ከሚሉት አጫጭር መልሶች አንዱን ይወረውራል። ከራሱ ቃል ጋር ከተጋጨ ጉድ ፈላ፤ ጩኸትና ሳቅ ነው። ግቢው ሙሉ በአንድ ጊዜ ስለሚከራከር ከሩቅ ለሚሰማው ገበያ ይመስላል። ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው ነገሩ ጨርሶ ባዕድ አይሆንበትም።

ሴቶች ለዚህ ማዕረግ የበቁት በቅርቡ ነው። ጀርመናዊቷ መነኩሲት ኬልሳንግ ዋንግሞ በ2011 የመጀመሪያዋ ሆነች። በ2016 ደግሞ 20 መነኩሲቶች አንድ ላይ ጌሼማ (ሴት ጌሼ) ተባሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እንግዲህ ያን ሁሉ ዓመት ሦስት ዓመት ውስጥ መጠቅጠቅ ነው የአሜሪካኖቹ ፈተና። ኦሪገን ውስጥ ፖርትላንድ ከተማ ያለውን ማይትሪፓ ኮሌጅን እንውሰድ። በ2005 የመሠረተው ያንግሲ ሪንፖቼ ነው፤ ራሱ በሴራ ገዳም ጌሼ የሆነ ቲቤታዊ መምህር። ትንሽ ኮሌጅ ናት። ማስተርስ በቡድሂዝም ጥናትም ኤምዲቭም ትሰጣለች፤ ምሰሶዎቼ ጥናት፣ ተመስጦና አገልግሎት ናቸው ትላለች። በእንዲህ ያለ ቦታ ተማሪው እንደ ናጋርጁና ያሉትን የሕንድ ፈላስፎች ያነባል። ዋናው ሐሳብ ነገሮች በራሳቸው የቆመ ማንነት የላቸውም የሚል ነው። የቆየው ምሳሌ ጋሪ ነው። ጎማውን ንቀል፣ ዘንጉን አውጣ፣ ሳንቃውን ለየው። ጋሪው የቱ ጋ ነበር? ተማሪው ከጋሪው በኋላ ስለ ራሱም ያንኑ እንዲጠይቅ ይደረጋል። ያኔ ነገሩ ቀልድ መሆኑ ይቀራል።

ተመስጦው ሌላ ጣጣ አለው። ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ተቀምጦ ምን እንደሚያስብ ማን ያውቃል? ኤ ይሰጠው ወይስ ቢ? መምህራን ብዙ ጊዜ የሚመዝኑት መገኘቱንና ስለ ልምምዱ የጻፈውን ነው። ይህ ብልህ መፍትሔ ይመስለኛል። የሰው ልብ ላይ ማርክ መስጠት ከጀመሩ የሚያተርፉት አስመሳይ ብቻ ነው።

ለእኔ ከሁሉ የሚገርመው ግን ሦስተኛው ነው፤ አገልግሎቱ። ቡድሂስቶች ይህን ክፍልም ከክርስቲያኖች ነው የተዋሱት። በ1925 አንቶን ቦይሰን የሚባል ቄስ ማሳቹሴትስ ውስጥ በዉስተር የአእምሮ ሆስፒታል የሴሚናሪ ተማሪዎችን ማሠልጠን ጀመረ። ቦይሰን ራሱ የአእምሮ ሕመም ታሞ ሆስፒታል ተኝቶ ያውቃል። ሕመምተኛውን ራሱን እንደ መጽሐፍ አንብቡት የሚል ሐሳብ ነበረው። የዛሬው የልምምድ ሥርዓት ከዚያ ያደገ ነው። አንዱ ዙር 400 ሰዓት ነው፤ አራቱ ዙር 1600 ሰዓት።

ልምምዱ ውስጥ ቨርባቲም የሚባል ነገር አለ። ተማሪው ከታማሚው ጋር የተነጋገረውን ከትዝታው ቃል በቃል ይጽፋል፤ ዝም የተባለበትን ቦታ ጭምር። ከዚያ በቡድኑ ፊት ያነበዋል። ጓደኞቹና አሠልጣኙ አንድ በአንድ ያፍታቱታል። እዚህ ቃል ላይ ለምን ቸኮልክ? እሷ ስታለቅስ ለምን ወሬ ቀየርክ? ፍልስፍናው የሚጋለጠው እዚህ ጋ ነው። «ሁሉም አላፊ ነው» የሚለው አረፍተ ነገር ክፍል ውስጥ ትክክል ነው፣ ፈተና ላይ ማርክ ያስገኛል። ልጇን ያጣች እናት ፊት ሲነገር ግን ጭካኔ ነው። ተማሪው ትክክለኛውን ነገር አውቆ አፉን መዝጋት ይማራል። ተመስጦው ሥራ የሚያገኘውም ያኔ ነው፤ ሳይሸሹ መቀመጥ።

በዚህ መስክ ማይትሪፓ ብቻዋን አይደለችም። ኮሎራዶ ቦልደር ውስጥ ናሮፓ የተባለውን የትምህርት ተቋም ቲቤታዊው ቾግያም ትሩንግፓ በ1974 መሠረተው። ካሊፎርኒያ ሮዝሚድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ዌስት በ1991 የተከፈተው በታይዋኑ መነኩሴ ሺንግ ዩን ነው። በርክሌይ የጃፓን ስደተኞች ይዘውት ከመጡት እምነት ጋር የተሳሰረ ተቋም አለ። ሃርቫርድም ሳይቀር በ2011 የነገረ መለኮት ትምህርት ቤቱ ውስጥ የቡድሂስት አገልግሎት ፕሮግራም ጀመረ። ጦር ሠራዊቱ እንዲያውም ከሃርቫርድ ቀድሟል። ጃኔት ሺን በ2004 በባሕር ኃይል ቻፕሊን ስትሆን ከቡድሂስት የመጀመሪያዋ ነበረች። የምድር ጦሩ የመጀመሪያ ቡድሂስት ቻፕሊን ቶማስ ዳየር ደግሞ የቀድሞ ባፕቲስት ፓስተር ነው፤ ኢራቅ ድረስ ዘምቷል።

ጃፓኖች ወደዚሁ ነገር የመጡት በሌላ በር ነው። መጋቢት 2011 ሱናሚው የሰሜን ምሥራቁን ጠረፍ ሲያጥለቀልቅ መነኮሳቱ ፍትሐት በመድረስ ተጠመዱ። ነገር ግን የተረፉትን ማን ያናግራቸው? ካኔታ ታይዮ የሚባል፣ ዜን ከተባለው የቡድሂዝም ዘርፍ የሆነ መነኩሴ ቡናና ኬክ ጭኖ ተፈናቃዮች የሰፈሩባቸውን ጊዜያዊ ቤቶች መዞር ጀመረ። ካፌ ደ ሞንክ አለው። ሞንክ በእንግሊዝኛ መነኩሴ ነው፤ ሞንኩ በጃፓንኛ ደግሞ ብሶት፣ ማማረር። ሙዚቃውም የጃዙ ፒያኒስት የቴሎኒየስ ሞንክ ነው። ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ያማርራሉ፣ መነኩሴው ይሰማል።

በቀጣዩ ዓመት የቶሆኩ ዩኒቨርሲቲ ይህን ሥራ የሚያስተምር ሥልጠና ከፈተ። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ስለሆነ ስብከት ክልክል ነው፤ ሠልጣኞቹም የየእምነቱ ሰዎች ናቸው። ጃፓኖቹ ከሴሚናሪ የመጣውን ስም አልተዋሱም። ለባለሙያው ያወጡለት ስም ሪንሾ ሹክዮሺ ይባላል፤ ፊደሉ ሲፈታ «አልጋ ዳር ያለ የሃይማኖት ሰው»።